ወደ ውስጥ የምትሳበው አዎ

እናቴ «አዎ» አትልም፤ ትስበዋለች። ስትጠየቅ ከንፈሯን ገርበብ ታደርግና ትንፋሿን ባጭሩ ወደ ውስጥ ትስባለች፤ አለቀ፣ መልስ ሰጥታለች ማለት ነው። አገሩ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። እኔም የታክሲ ረዳት «ሳሪስ ነሽ?» ሲለኝ የምመልስለት በትንፋሽ ነው። የእናቴ ግን ከሰው ሁሉ ጎላ ትላለች። ልጅ ሆኜ በጓዳ ተኝቼ እሷ ከጎረቤት ጋር ስታወራ፣ የወሬው ቃል ሳይሰማኝ አዎ ያለችበት ቦታ በሙሉ ይሰማኝ ነበር። ይህቺ ትንፋሽ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ጋር ታጣላኛለች ያለኝ ሰው ቢኖር እስቅበት ነበር።

ነገሩ የሆነው ከተማው ውስጥ የሚሄደው ባቡር ገና ቃሊቲ ድረስ መምጣት በጀመረበት ሰሞን ነው። እኔ አቃቂ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ በዲፕሎማ የምሠራ ነርስ ነበርኩ። ዲግሪ ለመያዝ አንድ የግል ኮሌጅ ተመዘገብኩ። ኮሌጁ የነበረው ቃሊቲ፣ መጋዘኖቹ መሃል፣ አንድ ፎቅ ላይ ነው። ምድር ቤቱ የብረት ነጋዴ ስለነበረ መምህሩ የልብ ምት ድምፅ ሊያስረዱ ሲጀምሩ ከታች ፌሮ ይራገፋል።

ይህ ሁለተኛ ሙከራዬ ነበር። ከዚያ በፊት ጀምሬ አባቴ ሲታመሙ ተውኩት። ማንም ተይው አላለኝም፣ እናቴ ጭራሽ። ግን ቤት ውስጥ የታመመ ሰው እያለ መጽሐፍ መግለጥ አይሆንልኝም፤ ፊደሉ ይሸሸኛል፣ እግሬ ይነሳል። አባቴ ሲሞቱ ወደ ትምህርቱ የሚመልሰኝ ልብም አብሮ ሄደ። እናቴ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ስትረሳ ግን አላየኋትም፤ ሁለተኛ ስመዘገብ ደረሰኙን ከእጄ ተቀብላ መስቀሉ የተንጠለጠለበት ግድግዳ ላይ ሰካችው።

ኮሌጁ በዚያ ዓመት አዲስ ነገር አመጣ። ግማሹ ትምህርት በኢንተርኔት፣ ግማሹ በክፍል ይሰጣል ተባለ። ማስታወቂያው ላይ «ብሌንድድ» ብለው ጻፉት፤ እኛ «ቅይጥ» አልነው። ጤፍ ተወዶ ሩዝ ያልገባበት እንጀራ ብርቅ የሆነበት ዘመን ስለነበረ፣ ቅይጥ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። አጠገቤ የምትቀመጠው ነርስ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት፣ «ሩዙ ኢንተርኔቱ ነው፤ ሲያዩት ነጭ፣ ሲያድር ደረቅ» አለች። ስሙ በዚያው ጸና።

ሩዟ መምህር ፈረንጅ ናት፤ ሐኪም። ትምህርቷን በቪዲዮ ቀርጻ ትልካለች፣ እኛ በየቤታችን እናያለን፣ የቤት ሥራችንን በኢንተርኔት እንልክላታለን፣ እሷ ታርማለች። ጤፉ ደግሞ በጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው ከሁለተኛው ወንበር የማያልፍ ሐኪም ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍል ስንገናኝ በቪዲዮ ያየነውን ነገር ታማሚ ፊት እንዴት እንደምናደርገው ያሳዩናል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ጥሩ ነገር ነው። በወረቀት ላይ ቪዲዮ ቆሞ አይሽከረከርም።

መጠበቅ የሚባል ነገር ለእኔ አልተፈጠረም። እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ እኔም እያፈሰስኩ እየለቀምኩ ነው ያደግኩት። አሁን አንዷን ቪዲዮ ለማየት ከሥራ ወጥቼ ከአቃቂ ሳሪስ ድረስ እሄዳለሁ፤ እዚያ ማኪያቶ ላዘዘ ሰው የዋይፋይ ቁልፉን የሚሰጥ ካፌ አለ። ማኪያቶው ይመጣል፣ ቪዲዮው ይሽከረከራል። መምህሯ አፏን ከፍታ ትቆማለች። መብራት ይሄዳል። ይመጣል፣ እሷ ግን አፏን እንደከፈተች ናት። የስልክ ዳታ ደግሞ በዚያ ዘመን በሆነ ባልሆነው ይዘጋል፤ ለምን ተዘጋ ብሎ ጮክ ብሎ የሚጠይቅም አልነበረም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ያኔ ነው የገባኝ። ወንበሩ ላይ እየተነሳሁ እቀመጥ ስለነበረ አስተናጋጇ ሽንት ቤቱን ታሳየኝ ነበር።

የመጀመሪያው ከባድ የቤት ሥራ ሂስትሪ መውሰድ ሆነ፤ ታማሚን ጠይቆ የሕመሙን ታሪክ ማውጣት ማለት ነው። ፈቃደኛ ሰው ፈልጉ፣ የግድ ታማሚ መሆን የለበትም፣ ስለ ሳንባ ጠይቁት፣ ድምፁን በስልክ ቅዱና ከእንግሊዝኛው ትርጉም ጋር ላኩ ተባልን። የክፍሉ መምህራችን ደግሞ የራሳቸውን ጨመሩበት። «የምትጠይቋት አክስታችሁም ትሁን ጎረቤታችሁ፣ ቅጂው ላይ አንቱ ትባላለች። ታማሚን አንቺ ያለ እኔ ዘንድ አያልፍም።»

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሞከርኩ። በዚያ ዘመን ስልክ አውጥተሽ «ድምፅዎን ልቅዳ?» ያልሽው ሰው ሕመሙም ይጠፋዋል። አንዱ ሽማግሌ ካርዳቸውን ይዘው ወጥተው ሄዱ። ስለዚህ እናቴን ለመንኳት።

እናቴ ዕድሜዋን የጨረሰችው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ነው። ጥጡ ክር የሚሆንበት ቦታ ነው። በልጅነቴ ከፈረቃ ስትመለስ ቅንድቧ ነጭ ነበር፤ ደጅ ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ታራግፈዋለች። አሁን ጡረታ ወጥታ፣ አባቴ ምድር ባቡር ሲሠሩ ባገኙት፣ ከአሮጌው ሐዲድ አጠገብ ባለው ቤት ከእኔ ጋር ትኖራለች። «እሺ፣ ልታመምልሽ» አለችኝ።

ነጭ ጋውኔን ለበስኩ፣ ለጨዋታ። እሷ ደግሞ ጓዳ ገብታ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ለብሳ መጣች፤ «ሐኪም ዘንድ እንዲሁ አይኬድም» አለች። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥታ የገዛ ቤቷን በር አንኳኳች።

«ይግቡ» አልኳት።

«እንደምን ዋሉ፣ ሲስተር» አለችኝ፣ ፊቷ ሳይፈታ። ጤና ጣቢያ የሚመጣው ሰው ሁሉ ሲስተር ይለኛል፤ ከእናቴ አፍ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። እኔም እናቴን አንቱ ብያት አላውቅም፤ በእኛ ቤት አባት አንቱ፣ እናት አንቺ ናት። አፌ ላይ ከበደኝ፣ ሆኖም ጀመርኩት።

«ሳል ያስቸግርዎታል?»

ትንፋሿን ሳበች።

«ጠዋት ጠዋት ይብስብዎታል?»

ሳበች።

«ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

ሳበች። ደረትዎን ይይዝዎታል ወይ አልኳት፣ ሳበች። ሌሊት ይቀሰቅስዎታል ወይ አልኳት፣ ሳበች። እኔ ዓይኔ የስልኩ ባትሪ ላይ ነበር፤ ሳያልቅ ልጨርስ እየተጣደፍኩ ነው። መልሱ ሁሉ አዎ መሆኑ ደስ አለኝ፤ ለመተርጎም አያስቸግርም። ስልኩን ስዘጋው ሁለታችንም ሳቅን። «ደህና ታማሚ ወጣኝ?» አለችኝ። ጤና ጣቢያ ከሚመጡት ትሻያለሽ አልኳት። ነጠላዋን አጥፋ ወደ ሥራዋ ገባች።

ከሳምንት በኋላ መልሱ መጣ። ሳሪስ ካፌው ውስጥ ነው የከፈትኩት። ፈረንጇ እንዲህ ብላለች፦ የታማሚሽ አተነፋፈስ አሳስቦኛል። አንድም ጥያቄ ላይ ቃል አልተናገረችም፣ አየር አጥሯት በየጊዜው ትስባለች። አንቺ ግን ይህንን በማየት ፈንታ በየቦታው «አዎ» የሚል ቃል ጽፈሽላታል። ታማሚ ያላለውን ቃል አትጻፊ። ሥራው እንደገና ይሠራ። ታማሚዋንም ሐኪም ዘንድ ውሰጃት።

እንግሊዝኛ አንቺና አንቱ ስለሌለው በየትኛው እንደወቀሰችኝ አላወቅኩም። ደሜ ፈላ። የዋሸሁ አስመሰለችኝ። ማኪያቶውን ሳልጨርስ ተነስቼ፣ ታክሲ መጠበቅ አቅቶኝ፣ ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በእግሬ ጀመርኩት። ግማሽ መንገድ ላይ ኮሌጁ በሥራ ቀን ዝግ እንደሆነ ትዝ አለኝና እንደገና ታክሲ ለመያዝ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ክፍል ስገባ ገና ሳልቀመጥ ጀመርኩ። መምህራችን ረጋ ብለው ሰሙኝና ስልኬን ከስፒከሩ ጋር አገናኝተው ቅጂውን አሰሙ። የእናቴ ትንፋሽ ክፍሉን ሞላው። ሦስተኛው ላይ መሳቅ ተጀመረ፤ መጨረሻው ላይ ሁሉም ዴስኩን ይመታ ነበር።

«እንግዲህ ሁላችንም አስም አለብን ማለት ነው?» አለች አጠገቤ የምትቀመጠው።

ክፍሉ ሁሉ ባንድ ላይ ትንፋሹን ሳበ። ከታች ፌሮ ተራገፈ፣ ሳቁ ባሰ። መምህሩም ሳቁ።

መልሱን ባንድ ላይ ጻፍነው። በእኛ አገር ሰው አዎ ሲል ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ይህ ሕመም ሳይሆን ቋንቋ ነው፤ ተማሪዋ የተባለውን በትክክል ተርጉማለች አልናት። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አንዱ ይላል፣ ሌላው ያቃናል። እንደዚያ ቀን ትምህርት ጣፍጦኝ አያውቅም። ሲላክ አጨበጨቡልኝ።

ሰው ሲበተን መምህሩ ጠሩኝ። «ጥሩ» አሉኝ። «አዎ መሆኑን አስረድተሻታል። አሁን ደግሞ ቁጭ በይና፣ ምን ምኑን አዎ እንዳለች አንብቢው።»

ወረቀቱን ዘረጋሁት። ሳል፣ አዎ። ጠዋት ይብሳል፣ አዎ። ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራል፣ አዎ። ደረት ይይዛል፣ አዎ። ሌሊት ይቀሰቅሳል፣ አዎ።

«እናቴ እኮ ናት» አልኳቸው። «እንዲሁ እየተጫወተች ነው።»

«ሊሆን ይችላል። የእኛ ሰው ይሉኝታ አለበት፤ ሐኪም የጠየቀውን እምቢ ማለት ነውር ይመስለዋል። ወይም ደግሞ የምሯን ነው። ከዚህ ቅጂ የቱ እንደሆነ አይታወቅም፤ ጥያቄሽ ሁሉ አዎ የሚያስብል ነው። ሌላ ጊዜ፣ ምን ሆነው መጡ ትያለሽ፤ ከዚያ ዝም ትያለሽ። ዝም ማለት ትችያለሽ?»

ወረቀቱን አጠፍኩት። ፈረንጇ እንዳለችው አየር አጥሯት ከሆነ እናቴ ታማለች። እኛ እንዳልነው አዎ ከሆነም እናቴ ታማለች። ተከራክሬ፣ ሰው አስጨብጭቤ የረታሁት ይህንን ነው። የቀረችኝ ተስፋ፣ በይሉኝታ አዎ ብላኝ ይሆናል የምትለዋ ብቻ ነች።

ወደ አቃቂ የሚሄደው ታክሲ በማረሚያ ቤቱ በኩል ሲያልፍ ስንቅ አድርሰው የሚመለሱ ሴቶች ተሳፈሩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ባዶ ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሳልጠይቃቸው ያወሩኝ ጀመር። «ደህና ነኝ ይለኛል» አሉ ስለ ልጃቸው። «ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው። ደህና ባይሆንስ የሚነግረኝ ይመስልሻል?» ወራጅ አለ ብዬ ከቤቴ በፊት ወረድኩና የቀረውን በእግሬ ሄድኩ።

እናቴ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጀመርኳት።

«እማዬ፣ ትንፋሽ ያጥርሻል?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ያን ቀን ስጠይቅሽ አዎ አላልሽኝም?»

«ያን ቀን ሐኪም ነሽ ብዬ ነዋ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ልጄ ነሽ። ምስሩን እንዳትረግጪው።»

ማዳመጫዬን ከቦርሳዬ ሳወጣ ሰፌዷን አንስታ ተነሳች። «በእኔ ላይ ትምህርት አትለማመጂ» ብላ ገባች።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣሁ። ጤና ጣቢያ ስሠራ መርፌ ይዤ እናቴ ትመጣብኛለች። የመጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል ወረቀት አለ፤ በራሴ እጅ ነው የለጠፍኩት፤ ባለፍኩ ቁጥር እኔን የሚሰድበኝ ይመስለኝ ጀመር። ቤት ስገባ ደግሞ እሰልላታለሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን አብሬያት ሄድኩ፤ መንገዱ ዳገት አለው። እናቴ ዳገቱ ላይ ሰው ሰላም ለማለት ቆመች። ትንሽ ሄዳ ነጠላዋን ለማስተካከል ቆመች። ሰላም የምትለው ሰው ስታጣ የሰው አጥር ላይ ያለች አበባ ቆማ አየች። ለአበባ ግድ ያላት ሴት አይደለችም። አይተሽ ከጨረስሽ እንሂድ ስላት «አንቺ ደግሞ ምን ያጣድፍሻል» አለችኝ፣ ሳቅ ብላ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀስ ብላ የምትሄደው እኔን ትዕግሥት ለማስተማር ይመስለኝ ነበር።

ይባስ ብሎ የሚቀጥለው ቪዲዮ ከሥራ ጋር ስለሚመጡ የሳንባ በሽታዎች ሆነ። ሳሪስ ተቀምጬ አየሁት። መምህሯ የድንጋይ ከሰል ጨርሳ ወደ ጥጥ ገባች። የጥጥ ብናኝ ለብዙ ዓመት የሳበ ሰው ደረቱ ይጠብቃል፤ በመጀመሪያው ዘመን በሽታው የሚታወቀው ከዕረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ነው፤ ማለትም ሰኞ፣ አለች። ሰኞ እንዳለች ቪዲዮው ቆሞ ይሽከረከር ጀመር።

የሰኞ ፀባይ የምንለው ነገር ነበረን። እናቴ እሁድን ስትስቅ አሳልፋ ሰኞ ከፈረቃ ስትመለስ፣ ደጃፍ ያለችው ድንጋይ ላይ ትቀመጥና ማንንም አታናግርም። እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ ሐዲዱን ታያለች። አባቴ ለእኔና ለወንድሜ «ዛሬ ሰኞ ነው፣ እናታችሁን አታስቸግሯት» ይሉን ነበር። ማክሰኞ ይሻላታል። ሥራ መግባት አስጠልቷት ነው እንል ነበር። ወንድሜ ሲያድግ፣ ትምህርት ቤት መሄድ ያልፈለገ ቀን፣ «የእማዬ ሰኞ ይዞኛል» ይል ነበር፤ እሷም አብራን ትስቅ ነበር። ቪዲዮው እስኪነሳ አልጠበቅኩም። ሂሳብ መክፈሌን እንኳ ያስታወሰችኝ አስተናጋጇ ናት።

በዚያው ሳምንት ከፈረንጇ ሁለተኛ መልስ መጣ። ይቅርታ ጠይቃለች። ይህንን አለማወቄ አሳፍሮኛል፣ ሌላ አገር ላሉት ተማሪዎቼም አስተምርበታለሁ ብላ ሙሉ ነጥብ ሰጠችኝ። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ነበረች፦ ታማሚዋ ግን እንዴት ናት?

በትምህርቱ ዓለም ያገኘሁት የመጀመሪያው ሙሉ ነጥብ ነው፤ ለማንም አላሳየሁትም። መልስ ልጽፍላት ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። የማውቀው ነገር አልነበረም። እናቴን አንቺ ብዬ በጠየቅኳት ቁጥር ደህና ናት። መልስ የሰጠችኝ አንቱ ባልኳት ቀን ብቻ ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ጋውኔን ለበስኩ። ጠረጴዛዋን ጎትቼ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አደረግኩ። ስልኬን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እናቴ ውጭ ልብስ ታሰጣለች። በሩን ከፍቼ ጤና ጣቢያ እንደምለው አልኩ፦

«ተረኛ ይግቡ።»

ዞራ አየችኝ። ይቺ ልጅ ደግሞ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለችኝም። እጇን በቀሚሷ አደረቀች። በአጠገቤ አልፋ ጓዳ ገባችና ነጠላዋን ለብሳ መጣች፤ ተመልሳ ወጥታ በሩን አንኳኳች።

«ይግቡ። ይቀመጡ።»

«እንደምን ዋሉ፣ ሲስተር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ሆነው መጡ?»

ከዚያ ዝም አልኩ። መምህሩ ዝም ማለት ትችያለሽ ያሉኝ ይኸውና። እጄ ጠረጴዛው ላይ የሚይዘው አጣ፤ ጭኔ ሥር ከተትኩት። ውጭ የጎረቤት ዶሮ ይጮሃል። እናቴ መሬት መሬት ታያለች። አንድ ነገር ልላት፣ ላግዛት፣ ጥያቄ ልጨምርላት አሥር ጊዜ አፌ ላይ መጣብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ጠብቄ አላውቅም።

«ትንፋሼ አልበቃኝ ብሏል» አለች። በቃል ነው የተናገረችው፣ ድምፅ አውጥታ። «ፋብሪካ እያለሁ ሰኞ ሰኞ ነበር። በኋላ ማክሰኞም ሆነ። ጡረታ ስወጣ ይተወኛል ብዬ ነበር፣ ሳይተወኝ ቀረ። አሁን ቀን አይለይም። ውኃ ስቀዳ ጀሪካኗን መንገድ ላይ አሳርፋታለሁ።»

«ሳልስ?»

«ልጄ አለች፤ ጠዋት ሥራ እስክትወጣ እይዘዋለሁ። በሩን ስትዘጋው እስለዋለሁ።»

ጠዋት ጠዋት እየተጣደፍኩ በሩን ሳላጋጨው አልወጣም ነበር። «ላዳምጥዎት» አልኳት። ሳትከራከር ነጠላዋን ወደ ታች አውርዳ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ማዳመጫውን አሳረፍኩ። በረጅሙ ይተንፍሱ አልኳት። ቀጭን ፉጨት ነው የሰማሁት፣ ከታች እስከ ትከሻዋ ድረስ፤ በቀኝም በግራም። ጤና ጣቢያ ውስጥ ከሰው ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ማዳመጫውን ወደ ላይ፣ ደግሞ ወደ ታች መልሼ አሳረፍኩት፤ ያው ነው። አልቅሼ ቢሆን ኖሮ አታየኝም ነበር፤ ግን ሐኪም አያለቅስም ብዬ ዋጥኩት።

ዞራ ስትቀመጥ እንዲህ አልኳት። «የሳንባ ነገር ነው፤ ከጥጡ ነው። የሄደውን አንመልሰውም፤ ትንፋሽ የሚከፍት መድኃኒት ግን አለ፣ ያቀልልዎታል። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይመጣሉ፣ ሐኪሙ አይቶ ወደ ሆስፒታል ይጽፍልዎታል። ይመጣሉ?»

ትንፋሿን ሳበች። አዎ ናት ወይስ አየር ነው ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯን አየሁ። ሁለቱም ነበረች።

ተነስታ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት።»

«ምን ልርዳዎት?»

«ልጄ እዚያው ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ያውቋት ይሆናል።»

«አውቃታለሁ።»

«አደራዎን፣ እንዳይነግሯት። ትምህርት ላይ ናት። አባቷ የታመሙ ጊዜ አቋርጣዋለች፤ ይህንን ከሰማች ነገውኑ ትተወዋለች። ቤት ውስጥ ሰው ከታመመ መጽሐፍ አትገልጥም፣ እንደዚያ ነው የተፈጠረችው። ትምህርቷን እንድትጨርስ ነው የምለምንዎት።»

እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። በሩን ከፍታ ወጣች።

ጋውኔን አወለቅኩ። ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ፣ ጠረጴዛዋን ገፋሁ፣ ደግሞ ጎተትኩ። ውጭ የቀሩትን ልብሶች ስታሰጣ በመስኮቱ አየኋት፤ አንዱን ሰቅላ ገመዱን ይዛ ትቆማለች፣ ከዚያ ሌላውን። ልወጣና ልቀበላት እግሬ ተነሳ፤ ያዝኩት። ባዶ ሳፋዋን ይዛ ስትገባ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላዋለች።

«አንቺ፣ ዛሬ አታጠኚም?» አለችኝ።

መጽሐፌን አውጥቼ ገለጥኩ።